የእናት እጅና የእናት ቋንቋ

ፈትል በሚፈተልበት ቤት ያደገ ልጅ እንዝርት፥ ደጋን፥ ባዘቶ፥ ልቃቂት የሚሉትን ቃሎች ያለ መምህር ያውቃል። ፈትሉ ከቤት በቀረ ጊዜ ግን ቃሎቹም ከልጁ አፍ ይቀራሉ። እንግዲህ የእናት እጅ ሥራ የቋንቋ ትምህርት ቤት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ይህንን በሩቅ አገር ያሉት የማያ ሕዝብ ሴቶች በሚገባ ያስረዱናል። በጓቴማላ የምትኖር የማያ ሴት የድሩን አንድ ጫፍ ከምሰሶ፥ ሁለተኛውን ከወገብዋ አስራ ትሸምናለች፤ ልጅዋም ካጠገብዋ ተቀምጣ ሥራውንና የሥራውን ስም ባንድነት ትማራለች። የሰውን ልማድ የሚመረምሩ ሊቃውንትም ከነዚህ ሴቶች ዘንድ ተቀምጠው ሽመናንና ቋንቋን አብረው ተምረዋል። መንግሥታቸውም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. የማያ ቋንቋዎችን የሚጠብቅ አካዳሚ በሕግ አቁሟል።

በኛም አገር ወደ ጋምቤላ ብንወርድ ይህን የመሰለ ነገር እናገኛለን። እኛ ባሮ የምንለውን ወንዝ አኙዋዎች ኦፔኖ ይሉታል። ኑዌሮች ለጋብቻ ከብት ሲሰጡ፥ የአኙዋ የጥንት ማጫ ግን ዲሙይ የሚባል የብርጭቆ ዶቃ ነው፤ ለእኅት የመጣው ዲሙይ ለወንድም ማጫ ይሆናል። ስለዚህ ስለ ዶቃው የሚነገረው ቃል ጌጥን ብቻ ሳይሆን ዝምድናን፥ ዕዳንና ክብርን ያስተምራል። ዶቃው በገንዘብ ቢተካ ይህ ትምህርት አብሮ ይጠፋል።

መክቲልድ ሬህ የተባለች የቋንቋ ሊቅ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ስለ አኙዋ ቋንቋ ሰፊ መጽሐፍ አሳትማለች። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 39 እያንዳንዱ ሕዝብ በቋንቋው የመናገርና የመጻፍ መብት እንዳለው ደንግጓል፤ በክልሉም ሕፃናት የአኙዋን፥ የኑዌርንና የመዠንግርን ቋንቋ በትምህርት ቤት ይማራሉ። ነገር ግን መጽሐፍ ቃልን ይጠብቃል እንጂ በልጅ አፍ አያኖርም፤ ይህ የእናትና የአያት ሥራ ነው።

ስለዚህ ወደዚያ አገር ለሥራ የምትወርዱ ሹማምንትና ወይዛዝር ሆይ፥ የአገሩን ዶቃ ለጌጥ ገዝታችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ስሙን ከባለቤቲቱ ጠይቁ። ባልቴቶችም ዶቃቸውን ይዘው በክፍል ውስጥ ከመምህሩ ጎን እንዲቀመጡ ፍቀዱ። በየቤታችንም እንዝርቱን ከሰቀልንበት እናውርድ፤ የራሱን ቃል ያልጠበቀ የሌላውን ሊጠብቅ አይችልምና።