ሳያይ የሚፈርድ ተመልካች

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ በዓይኑ እያየ የማያይ ሰው አለ ብልህ ትጠራጠር ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ሰው አንድና ሁለት ሳይሆን አዳራሽ ሙሉ አይቻለሁ፤ ከመካከላቸውም አንዱ እኔ ራሴ ነበርሁ።

የምኖረው ገናሌና ዳዋ ተገናኝተው ጁባ በሚባሉበት አጠገብ፣ በዶሎ ኦዶ ነው፤ ሥራዬም ማስተማር ነው። በከተማችን ቴአትር ቤት ስለሌለ ተዋንያንን የምናውቃቸው በሻይ ቤት ቴሌቪዥን ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ለጉዳይ በነጌሌ በኩል ወደ አዲስ አበባ ወጥቼ ሳለሁ፣ በዚያ የሚማሩ ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ ወደ አንድ ቴአትር ቤት ይዘውኝ ገቡ። ዋናዋ ተዋናይ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ አገር ያወቃት ሴት ነበረች።

ገና ብቅ ከማለቷ ግማሹ ሰው በጭብጨባ አዳራሹን አናወጠው፤ የመጀመሪያ ንግግሯም በዚያው ተዋጠ። የቀረው ግማሽ ደግሞ እጁን አጣጥፎ፣ «እስቲ እናያለን» በሚል ፊት ስሕተቷን ይጠብቅ ጀመር። ስንወጣ ከተማሪዎቼ አንዱ «ወደር የላትም» አለ፤ ሁለተኛው «የቴሌቪዥን ሰው መድረክ አይሆንላትም» አለ። እኔም እንደ ታላቅነቴ ፍርድ ስጠየቅ፣ «ድምጿ አይሰማም» ብዬ ከሁለተኛው ጋር ወገንሁ። የመጀመሪያው ልጅ «የትኛው ቦታ ላይ ነው ያልተሰማው፣ ጋሼ?» ቢለኝ ግን መልስ አጣሁ፤ መልስ አጥቼም ፍርዴን አልለወጥሁም።

ወደ ዶሎ ተመልሼ ይህንኑ በሻይ ቤት ሳወራ፣ ባለቤቲቱ አሮጊት ሱማሌ ናቸውና፣ «መዓሊን፣» አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው፤ «ሴትየዋ ምን አለች?» ስለ ልብሷ ነገርኋቸው፤ ስለ መልኳ ነገርኋቸው፤ ስለ ጭብጨባውም ነገርኋቸው። ከአፏ ከወጣው ቃል ግን አንድ እንኳ ትዝ አላለኝም። እርሳቸውም እንዲህ አሉ፦ «እኛ ሪዋያድ በሬዲዮ ስንሰማ የሴትየዋን ፊት አናውቅም ነበር፤ የተናገረችውን ግን እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ። አንተ ፊቷን ይዘህ ነገሯን ጥለህ መጣህ።»

ሪዋያድ ማለት ግጥምና ዘፈን ያለበት የሱማሌዎች የመድረክ ተውኔት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 በሞቃዲሾ ብሔራዊ ቴአትር ከተከፈተም በኋላ፣ ወደ ሩቁ ሕዝብ የሚደርሰው በይበልጥ በሬዲዮና በካሴት ነበር። ሬዲዮ መልክ የለውምና ሰሚው በቃልና በድምፅ ብቻ ይፈርድ ነበር። እኛ ግን ቴሌቪዥን ከፊት ጋር አለማምዶን፣ ፊቱን ካወቅነው ሥራውን ያወቅን ይመስለናል።

እንግዲህ የምከስሰው ሁለቱንም ወገን ነው። «አውቃታለሁና ጥሩ ናት» የሚለውና «አውቃታለሁና አትችልም» የሚለው ጠላቶች ይመስላሉ እንጂ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ፍርዳቸውን ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። ግራ ቀኙን ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛ ቢፈታም ቢያስርም በደለኛ ነው።

ይህም የእኛ አገር ጉድለት ብቻ አይደለም። በ2008 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ «ዶውሰንስ ክሪክ» በተባለ የቴሌቪዥን ድራማ የታወቀችው ኬቲ ሆምስ በኒውዮርክ በአርተር ሚለር «ሁሉም ልጆቼ» ተውኔት በብሮድዌይ መድረክ ላይ ቆመች። ሐያስያን ተከፋፈሉ፤ አንዳንዱ አመሰገናት፣ አንዳንዱ ነቀፋት። ስለ ሥራ መከራከር መልካም ነው። ነገር ግን ዝነኛውን ፊት ለማየት ብቻ የሚመጣ ተመልካች በየትም አይጠፋም። ተውኔቱ የተበላሸ የአውሮፕላን ሞተር ክፍል ለጦር ሠራዊት ሸጦ 21 አብራሪዎችን ስላስገደለ ነጋዴ የሚናገር ነው። ፊት ለማየት የገባ ሰው ይህን የሕሊና ጥያቄ ይዞ ወጣን? እኔ ከአዲስ አበባ ምን ይዤ እንደ ተመለስሁ ስለማውቅ እጠራጠራለሁ።

የቴሌቪዥንና የመድረክ ሥራ ልዩ ልዩ መሆኑን አልክድም። በቴሌቪዥን ካሜራው ወደ ተዋናይቱ ይቀርባል፤ ቅንድቧን ብታነሣ አገር ያያል፤ ብትሳሳትም ይደገማል። በመድረክ ግን እርሷ ናት ወደ መጨረሻው ወንበር የምትሄደው፤ በድምፅዋ፣ በእርምጃዋ፣ በትንፋሿ፤ ከጀመረችም ሳታቋርጥ እስከ ፍጻሜው። ስለዚህ «በሁለተኛው ክፍል፣ ለባሏ ስትመልስ፣ ድምፅዋ ከኋላ አልደረሰም» የሚል ሰው ቢነቅፋት አከብረዋለሁ። «የቴሌቪዥን ሰው ናት» ማለት ግን የመጣችበትን መናገር እንጂ ሥራዋን መመዘን አይደለም።

ይህ የችኮላ ፍርድ በአገራችን ሥር ያለው ነው። በቴአትራችን መጀመሪያ ዘመን የሴትን ቦታ ወንዶች ለብሰው ይጫወቱ ነበር። ሴት ወደ መድረክ ስትወጣ ሥራዋ ሳይታይ «አዝማሪ» ተብላ ትናቅ ነበርና። ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ የሆነችው አስናቀች ወርቁ በ2004 ዓ.ም. ስታርፍ አገር በክብር አለቀሰላት። ክብሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን የዚያን ዘመን ንቀትና የዛሬን ባዶ ጭብጨባ ብናስተያያቸው፣ ሁለቱም ሥራው ሳይጀመር የሚሰጡ ናቸው።

«ቴአትር ጨዋታ ነው፤ ገንዘቤን ከፍዬ ገብቼ እንደ ወደድሁ ብናገር ምን ጉዳት አለው?» የሚሉኝ አሉ። ጉዳቱን ላሳያችሁ። በአካባቢያችን ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱማሌ የሸሹ ሰዎች የሚኖሩባቸው የስደተኞች መጠለያዎች አሉ። ከእነዚህ ከአንዱ የመጣች ልጅ በአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ተውኔት ውስጥ በአማርኛ የእናትን ቦታ እንድትጫወት ተመረጠች። ወር ሙሉ አጠናች። በቀኑ ወደ መድረክ ስትወጣ፣ አፏን ሳትከፍት፣ «የካምፕ ልጅ ምን አማርኛ ታውቃለች!» የሚል ሳቅ ተነሣ። ከንግግሯ እኩሌታውን ብላ ወረደች፤ ከዚያ ወዲህ በድራማ ክበቡ አልታየችም። የሳቁት ልጆች ክፉዎች አልነበሩም፤ በሻይ ቤት ከእኔ ጋር ተቀምጠው ስለ ዝነኛይቱ ተዋናይ የሚከራከሩ፣ ከእኔም አፍ «ድምጿ አይሰማም» የሚለውን የሰሙ ናቸው። ዝነኛይቱ ከእኛ ፍርድ የምታጣው ጥቂት ነው። ልጅቱ ግን ያላትን ሁሉ አጣች።

እነሆ ጨዋታ ነው የተባለው ነገር! በአዳራሽ ፊት አይቶ ማጨብጨብን የለመደ እጅ፣ በገበያ ነጋዴውን፣ በቢሮ ባለጉዳዩን፣ በመንገድ እንግዳውን በመጣበት ቦታ ይመዝናል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል፤ እንዲሁም ከመፍረድ ማየት ይቅደም።

ስለዚህ፣ ወጣት ወዳጄ፣ ተውኔት ልታይ ስትገባ እጅህን ሥራው እስኪያልቅ ጠብቀው። ስትወጣም ከተነገረው ቢያንስ አንድ ቃል፣ ከተሠራው አንድ ቦታ ይዘህ ውጣ። ከዚያ በኋላ «መልካም ነው» በል፣ «መጥፎ ነው» በል፤ ሁለቱንም በደስታ እሰማሃለሁ። ይህን ካልያዝህ ግን ዝም ብትል ይሻልሃል።

እኔም ልጅቱን ፈልጌ አገኘኋት። «ያልጨረስሽውን ንገሪኝ» አልኋት። ብዙ ካመነታች በኋላ ቆማ እስከ መጨረሻው አለችው። አማርኛዋ በሁለት ቦታ ተሰናክሏል፤ የእናትነቱ ሐዘን ግን አንድም ቦታ አልተሰናከለም። ይህን ለመናገር የበቃሁት ስለ ሰማኋት ነው።