ዕቁቡን የበላው ባለ ስምንት አንቴና

የዛሬዋ ባለጉዳዬ ካገባች ገና ዓመት ያልሞላት፣ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ የምትኖር ወጣት ናት። ስሟን እንደተለመደው ሆዴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ባልና ሚስት ለፍሪጅ ብለው ዕቁብ ይጥላሉ። ዕጣው ሲወጣላቸው ባል ሆዬ ብሩን ይዞ ወጥቶ፣ ባለ ስምንት አንቴና የዋይፋይ ራውተር ታቅፎ ከች አለ! «በቃ፣ ከእንግዲህ ፊልም አይቆራረጥብንም» አላት። ሰካው። መኝታ ቤት ገብተው ፊልም ቢከፍቱ ያቺ ክብ ነገር እንደ ድሮው ትዞራለች። እሷ ካኮረፈች ሁለት ሳምንቷ ነው። «ጥፋተኛው ማነው?» ትለኛለች።

እኔም እንዲህ ያለ ዕቃ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጬ አቧራ አስጠጥቼዋለሁና ለወቀሳ አልቸኩልም።

እህቴ፣ ራውተር ኢንተርኔት አይወልድም። ደጅ የደረሰውን ለቤት ያከፋፍላል እንጂ። የእናንተ መስመር 10 ሜጋቢት በሰከንድ ነው ብለሽኛል። በቀጭን ቧንቧ ለሚወርድ ውሃ ሮቶ ብትደቅኚለት ቧንቧው አይወፍርም። ደግሞ 10 ያንሳል ማለቴ አይደለም። ኔትፍሊክስ ራሱ ለ1080 ጥራት 5 ሜጋቢት ይበቃል ይላል። ታዲያ ፊልሙን ማን ያዘው?

በስልክ አንድ ነገር አዘዝኳት። ላፕቶፑን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰክታ ፍጥነቱን እንድትለካ። ዘጠኝ ምናምን መጣ። መኝታ ቤት በዋይፋይ ስትለካው ሁለት እንኳ አልሞላም። መስመሩ ደህና ነው ማለት ነው። (በኬብልም ዝቅ ቢል ኖሮ ጭቅጭቁ ከመስመር ሻጩ ጋር ነበር።) የት ነው ያስቀመጣችሁት ስላት፣ «ቲቪው ጀርባ፣ መሬት ላይ፣ አሮጌው የነበረበት» አለችኝ። አይ ባል! በመኝታ ቤቱና በዕቃው መካከል ሁለት የብሎኬት ግድግዳ አለ። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሞገድ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ሲያጋጥመው ግን ቶሎ ይደክማል። 2.4 የተሻለ ያልፋል፤ እሱን ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ይሻማበታል፣ ማይክሮዌቭም ይረብሸዋል።

ረዘም ያለ ገመድ ገዝታ አሮጌውን ራውተር፣ አዎ አሮጌውን፣ ኮሪደሩ ላይ ከፍ አድርጋ ሰቀለችው። ፊልሙ ሳይቆራረጥ አለቀ።

ውዱን ዕቃ ማን ይግዛው ታዲያ? ባለ ፎቅ ቪላ ያለው፣ መስመሩ መቶዎች ሜጋቢት የሆነ፣ ቤቱ በሰውና በስልክ የተሞላ። እ.ኤ.አ. በ2024 የመጣውን ዋይፋይ 7 ለመግዛት የቋመጣችሁም፣ መጀመሪያ ስልካችሁ እሱን የሚያውቅ መሆኑን እዩ። ካላወቀው በድሮው ፍጥነቱ ነው የሚሄደው።

ወደ ኩርፊያው ልመለስ። እህቴ፣ ባልሽ ስለ ራውተር አለማወቁ ጥፋት አይደለም። የሁለታችሁን ዕቁብ ሳያማክርሽ መንዘሩ ግን ጥፋት ነው፤ ይህን ፊት ለፊት ንገሪው፣ በኩርፊያ አይገባውም። ሱቁ የተከፈተ ዕቃ አልመልስም ብሏል አሉ። ሰውዬው አሁን ገዢ ፍለጋ ላይ ነው። ሥጋውም ለጊዜው እናቷ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ነው።