ቁልቁለት የማያውቅ መብራት

ጂንካ ውስጥ አንዲት ዲኤክስ አለች። ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ፣ ያቺ የምናውቃት። አዲስ አበባ ቢሆን ዞር ብዬም አላያት፤ እዚያ ዲኤክስን ዝቅ ማድረግ፣ ሰፊ ቸርኬ ማልበስና ማርሚታዋን እያስገሱ ሰፈር መቀስቀስ የወጣት ወግ ከሆነ ሰንብቷል። ከዋና ከተማው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በባጃጅና በሞተር ሳይክል መካከል ብቅ ስትል ግን ታስቆማለች። እኔም ቆምኩ። ባለቤቷ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። መኪናዋ በዕድሜ ታላቅ እህቱ እንደምትሆን ለመገመት ሊብሬዋን ማየት አያስፈልግም።

ልጁ በኩራት ወደ ውስጥ ጋበዘኝና ከመሪው በላይ ያሰራትን የክብሪት ሣጥን የምታክል ነገር አሳየኝ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«የማርሽ መቀየሪያ ምልክት ናት፣ ጋሼ። ሞተሩ 5 ሺ ዙር ሲደርስ ቀይ ታበራለች። ቀይር ማለቷ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ጂንካ ላይ 5 ሺ ዙር ምን ያደርግልሃል? ከገበያ ከሚመለሱት ፍየሎች ጋር ልትወዳደር ነው?»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለውን ተረት በልቤ እያሰላሰልኩ ወደ ማረፊያዬ ሄድኩ። የዛሬው ጽሑፍ ያለቀለት መሰለኝ፦ ወጣቱን መውቀስ፣ ጌጡን መንቀፍ፣ «በእኛ ጊዜ» ብሎ መደምደም። ያ ጽሑፍ ግን አልተጻፈም። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስለ መብራቷ ሳስብ፣ ወደ ጂንካ ያመጣኝ ሚኒባስ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

መጀመሪያ ስለ ዕቃዋ ልንገራችሁ። ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ካንዴላዎቹ በድምሩ ሁለት ጊዜ ብልጭታ ይሰጣሉ። ሞተሩ በደቂቃ 3 ሺ ዙር ሲዞር በሰከንድ 100 ብልጭታ አለ ማለት ነው። ልጁ ከኮይሉ ቀጭን ሽቦ ስቦ ይህን ምት ወደ ሣጥኗ ያስገባል፤ ሣጥኗ ትቆጥራለች፤ የተሰጣት ቁጥር ሲሞላ ታበራለች። ይህን የሠራው ማንም ሳያስተምረው፣ በአንድ መበየጃና ከአሮጌ ዕቃ በተነቀሉ ክፍሎች ነው። እንዲህ ያለውን እጅ «ጊዜውን በከንቱ የሚያባክን» ብሎ ለመስደብ ድፍረቱ የለኝም።

የመብራቱ አገሩ የውድድር ሜዳ ነው። የፎርሙላ ዋን ሞተር በደንቡ እስከ 15 ሺ ዙር እንዲዞር ይፈቀድለታል፤ ማርሹም ስምንት ነው። ያ ሰው በዚያ ፍጥነት አንገቱን ደፍቶ ጌጅ ልይ ቢል ቀና የሚለው ከግንብ ጋር ተላትሞ ነው። ስለዚህ መሪው ላይ የተደረደሩት መብራቶች ያዩለታል። አውሮፓውያን ደግሞ ይህንኑ ምልክት ለተቃራኒ ሥራ አዋሉት። እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ሕግ መሠረት ከ2012 ጀምሮ በአዳዲስ ሞዴሎች፣ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ በማርሽ በሚሠራ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ላይ የማርሽ መቀየሪያ ምልክት እንዲኖር አስገደዱ። ዓላማው ሞተሩን ማስጮህ ሳይሆን ሾፌሩ ቶሎ ወደ ላይኛው ማርሽ እንዲያልፍና ነዳጅ እንዲቆጥብ ነው። አንዱ ሞተሩን «ጨርሰህ ውጣው» ይላል፤ ሌላው «ገና ሳይጮህ ልቀቀው» ይላል። የጂንካው ልጅ የመረጠው የመጀመሪያውን ነው። በዚህ እወቅሰዋለሁ። 5 ሺውን ወደ 2 ሺ 500 ቢያወርደው ለኪሱም ለጎረቤቱም ጆሮ ይበጅ ነበር።

ወቀሳዬ ግን እዚህ አያበቃም፤ እንዲያውም ዋናው ወደ እሱ አይሄድም። የሁለቱም መብራቶች ዋና ሥራ ወደ ላይ ማስቀየር ነው። የደቡብ ኦሞ መንገድ ደግሞ የሚፈትነው ቁልቁል የሚቀይረውን ሾፌር ነው።

ከአርባ ምንጭ ተነስታችሁ ኮንሶ ስትደርሱ ተራራ ላይ ናችሁ። ከዚያ መንገዱ ወደ ወይጦ ሸለቆ ይወርዳል፤ አንድ ሺ ሜትር ገደማ። ወይጦን ተሻግሮ እንደገና ወደ ቀይ አፈርና ወደ ጂንካ ይወጣል። እኔን ያመጣኝ ሚኒባስ ኮንሶ ላይ ሞልቶ፣ ከሞላም በኋላ ሁለት ሰው ጨምሮ ተነሳ። ዳሽቦርዱ ሠርግ ቤት ይመስላል፦ የፕላስቲክ አበባ፣ ባንዲራ፣ ቅዱሳት ሥዕላት፣ ዙሪያውን ሰማያዊ መብራት። ከመብራቱ መሀል የፍጥነት መለኪያው ቀስት ዜሮ ላይ ተኝቷል። የሙቀቱም ጌጅ አይሠራም። የነዳጁን የሚያውቀው ረዳቱ ነው፤ በእንጨት እየለካ።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ሾፌሩ ካምቢዮውን ወደ መሀል ሳብ አደረገው። ሞተሩ ጸጥ አለ። ፎሌ! ሃያ ምናምን ነፍስ የጫነ መኪና በራሱ ክብደት መንደርደር ጀመረ። መጠምዘዣው በመጣ ቁጥር ፍሬን፣ ለቀቅ፣ እንደገና ፍሬን። ትንሽ ቆይቶ የሚቃጠል የፍሬን ሸራ ሽታ ገባ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት አማተቡ። እኔ ግን፣ ይኸው ጋዜጣ ላይ ለመጻፍ የማላፍረው ሰውዬ፣ ትንፍሽ አላልኩም። ወይጦ ስንደርስ ረዳቱ በጄሪካን ውሃ አምጥቶ ጎማው ላይ ሲደፋው እንፋሎቱ ተነሳ። ያኔ ብቻ ወርጄ ጠየቅሁት።

«ለምን በፎሌ ትለቀዋለህ?»

«ነዳጅ ይቆጥባል።» ትንሽ አየኝና ጨመረ፤ «ነዳጁን የምትገዛው አንተ ነህ እንዴ ጋሼ?»

መልሱ አፍ ያዘጋል፤ ስህተት ግን ነው። የናፍጣ መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ተነስቶ ቁልቁል ሲወርድ፣ ፓምፑ ለሞተሩ ነዳጅ መስጠቱን ያቆማል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ነዳጅ መርጫ ያላቸው አዳዲስ የቤንዚን መኪናዎችም እንዲሁ ናቸው። በፎሌ የሚወርደው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ የግድ ነዳጅ ያጠጣዋል። «ቆጠብኩ» ያለው ሰው ቁልቁለቱን በሙሉ እያቃጠለ ወረደ። ሌላው ሂሳብ ደግሞ አለ። ሞተሩ ሊይዘው ይችል የነበረውን ክብደት ሁሉ ፍሬኑ ብቻውን ተሸከመ። ፍሬን የሚያቆመው እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት እየለወጠ ነው። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ሸራው መያዝ ያቆማል፣ ዘይቱም ሊፈላ ይችላል፤ ፔዳሉ መሬት ይነካል፣ መኪናው ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ በዜና የምንሰማው «ፍሬን በጥሶ» የሚለውን ነው። ስንቱን ፍሬን ነው ሾፌሩ ራሱ ሲበጥሰው የዋለው! አንዳንዱማ ከፎሌም አልፎ ቁልፉን ያጠፋዋል፤ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑ አጋዥ ኃይል ይሟጠጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በትራፊክ አደጋ ይሞታል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እኛ ታዲያ ምን አደረግን? ስም አወጣን። አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» አልን። ለገዳይ መኪና ስም በማውጣት ማንም አይቀድመንም። መኪናው ግን ያለ ሾፌር፣ ያለ ባለንብረት፣ ያለ ተቆጣጣሪና ያለ ተሳፋሪ ማንንም ገድሎ አያውቅም።

ባለንብረቱ የዕለቱን ገቢ ይጠይቃል፤ የፍሬን ሸራው መቼ እንደተቀየረ አይጠይቅም። መርማሪው የሞተ ጌጅ ላይ ቦሎ ይለጥፋል። አሠልጣኙ ሜዳ ላይ ከአንድ እስከ አራት መቁጠር ያስተምራል። እኔ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ቁልቁለት የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን የነገረኝ የለም። «የወጣህበትን ማርሽ ይዘህ ውረድ» የሚለውን ጥበብ የሰማሁት ከአንድ አዛውንት የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ እሱም ሻይ ላይ። ተሳፋሪው ደግሞ ያማትባል።

«ልጁ በገዛ ገንዘቡ፣ በገዛ መኪናው፣ ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ሌላው ደግሞ «ጌጥ ከጥንትም የነበረ ነው» ይለኛል። እውነት ነው። እዚያው ደቡብ ኦሞ ውስጥ አርብቶ አደሩ የሚወደውን በሬ ቃጭል ያስርለታል። ቃጭሉ ጌጥ ነው፤ ግን እረኛው ይሰማዋል። በጨለማ በሬው የት እንዳለ፣ መንጋው ቆሞ ይሁን እየሄደ ያውቅበታል። ጌጡም ሥራውም አንድ ላይ ነው። የእኛ ዳሽቦርድ ላይ የተሰቀለው መብራት ሁሉ የማይሰማ ቃጭል ነው። ሞተሩ ራሱ ቃጭል ነበረ፤ ሲጨነቅ ያቃስታል፣ ሲቀለው ያዜማል፣ ፎሌ ሲገባ ጸጥ ይላል። ግን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» እንዲሉ፣ ጆሯችንን ትተን መብራት ገዛን።

ደግሞ «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፤ ማርሽ ሊቀር ነው» የሚልም አለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነግሯል። የኤሌክትሪኩ መኪና የማርሽ መብራት አያሻውም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሩ እየያዘው ባትሪውን ይሞላል። ደግ ነው። ግን አርባ ዓመት ያለፋት ዲኤክስ ዛሬም የምታገሳበት አገር ነው። የወይጦን ቁልቁለት ነገም፣ ከነገ ወዲያም የሚወርደው ይኸው ባለ ማርሹ ነው።

በማግሥቱ ወደ ልጁ ተመለስኩ።

«ቁልቁል የሚናገር መብራት ትሠራለህ? መኪናው እየሮጠ ሞተሩ ካንቀላፋ፣ ‹ፎሌ ነህ› ብሎ ቀይ የሚያበራ?»

አሰበ። በጣቱ ዳሽቦርዱን መታ መታ አደረገ።

«ይቻላል። የጎማውን ፍጥነት ከአንድ በኩል፣ የሞተሩን ዙር ከሌላ በኩል ማንበብ ነው። ግን ጋሼ፣ ማን ይገዛኛል?»

መልስ አልነበረኝም። 5 ሺ ዙር የሚያስገሳውን መብራት የሚገዛ አለ። ነፍስ የሚያድነውን የሚገዛ ባለንብረት፣ የሚያስገድድ ተቆጣጣሪ እስኪገኝ ድረስ ልጁ እውነቱን ነው።

እስከዚያው ግን አንድ የማይገዛ ምልክት አለን፤ እሱም የተሳፋሪ አፍ ነው። መውረጃችን ሲደርስ ከኋላ ወንበር ሆነን «ወራጅ አለ!» ብለን ስንጮህ አናፍርም፤ ሾፌሩም ይቆምልናል። እንግዲህ ቁልቁለት ላይ የሞተሩ ድምፅ ጸጥ ሲል «ሾፌር፣ ማርሽ አስገባ!» ለማለት ምን ያሳፍረናል? እኔ በመልሱ ጉዞዬ ከወይጦ ማዶ ካለው ዳገት ጀምሮ ሳልለማመደው አልቀረሁም። የቀይ አፈርን ቁልቁለት ስንጀምር አልኩትም። ሾፌሩ በመስታወቱ ገላመጠኝ። ማርሹን ግን አስገባ።