የመጠባበቂያ ቅጂ ስም አወጣጥ ሊታሰብበት ይገባል

የነጋዴ ሀብት በመጋዘኑ ያለው ዕቃ ብቻ አይደለም። ማን በዱቤ እንደ ወሰደ፥ ለማን ምን ያህል እንደሚከፈል፥ የትኛው ዕቃ በስንት ዋጋ ከጉምሩክ እንደ ወጣ የሚመሰክረው መዝገብም ከሀብቱ የሚቈጠር ነው። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008ም ግብር ከፋዩ ሰነዶቹን ለዓመታት ጠብቆ እንዲያቈይ ያስገድዳል። ዛሬ ይህ መዝገብ በብዙ ቤት ከወረቀት ወጥቶ ወደ ኮምፒዩተር ዳታቤዝ ስለ ገባ፥ አስተዋይ ነጋዴ በየማታው መጠባበቂያ ቅጂ ያስወስዳል። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ቅጂው የሚቀመጥበት ፎልደርና ፋይሉ የሚጠራበት ስም እንደ ተራ ነገር መታየቱ ታላቅ ጉዳት የሚያመጣ መሆኑን ለማሳሰብ እንወዳለን።

በመሥሪያ ቤቶቻችን ልማድ የደብዳቤ ቁጥርም ቀንም በእዝባር (/) ይለያል። ለወረቀት መልካም ልማድ ነው። ለኮምፒዩተር ግን እዝባር ከአንዱ ፎልደር ወደ ሌላው መሻገሪያ ምልክት ነው። ስለዚህ ጸሓፊው ፋይሉን «ሒሳብ 12/3/2017» ብሎ ቢሰይም፥ ኮምፒዩተሩ «ሒሳብ 12» የሚባል ፎልደር፥ በውስጡም «3» የሚባል ሌላ ፎልደር ይፈልጋል፤ ባጣቸውም ጊዜ ቅጂውን ሳያስቀምጥ ይቀራል።

ሁለት ነጥብ (:) ከዚህ የባሰ ነው። በዊንዶውስ ላይ ሰዓቱን ለማመልከት «11:30» ተብሎ ቢጻፍ፥ አንዳንዱ ፕሮግራም ስሕተት ሳያሳውቅ ይቀበለዋል። የሚታየው ፋይል ግን መጠኑ ዜሮ ይሆናል፤ መዝገቡ በስውር ክፍል ተለጥፎ ይቀራልና። ፋይሉ ወደ ተራ ፍላሽ ሲገለበጥ ያ ስውር ክፍል አብሮ አይሄድም። ነጋዴው ቅጂ አለኝ ብሎ ተዘልሎ ይተኛል፤ በእጁ ያለው ግን ባዶ ስም ነው።

የድርጅት ስምም እንዲሁ ነው። «አባት & ልጆች» በሚለው ስም መካከል ያለው ምልክት በዊንዶውስ የትእዛዝ መስመር ላይ «የፊተኛው ትእዛዝ አለቀ፥ ሌላ ጀምር» ማለት ነው። ባዶ ቦታም ስሙን ለሁለት ይከፍለዋል። «መዓዛ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በመካከሉ የምትገባው ጭረት (') ደግሞ በዳታቤዝ ትእዛዝ ውስጥ የስሙ መጨረሻ ተደርጋ ትወሰዳለች። ሰው በሌለበት በሌሊት እንዲሠራ የታዘዘ ሥራ በዚህ ምክንያት ቢቋረጥ፥ ማስጠንቀቂያውን የሚያነብ የለም።

«ኮምፒዩተር ለእኛ ይታዘዝ እንጂ እኛ ለእርሱ ለምን እንታዘዛለን?» የሚሉ አሉ። ነገሩ እውነት አለው። ፕሮግራም ሠሪዎች ሙሉውን አድራሻ በትእምርተ ጥቅስ ቢያጥሩት ባዶ ቦታውና የ«እና» ምልክቱ ባላስቸገሩ ነበር። ሆኖም ዲስክ የሚበላሽበትን ቀን ማንም አያውቅምና እስኪያርሙ ድረስ መጠበቅ አይቻልም።

ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ፥ የዛሬ ኮምፒዩተሮች የግእዝ ፊደል ስም ይቀበላሉ። ያረጁ ፕሮግራሞች ግን እያንዳንዱን ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት (?) ይለውጡታል፤ ይህም ምልክት በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ የተከለከለ ነው። ከዚህም ሌላ «ሒሳብ» እና «ሂሳብ» ለአንባቢ አንድ ቃል ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። በአንደኛው የተቀመጠው በሌላኛው ሲፈለግ አይገኝም።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት፥ አማርኛው በመዝገቡ ውስጥና በደረሰኙ ላይ ይኑር፤ የቅጂው ስምና አድራሻ ግን በላቲን ፊደል፥ በቁጥርና በሰረዝ ብቻ ይጻፍ። ይህ ፊደላችንን መናቅ አይደለም። አስመጪ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በሣጥን ላይ የሚጻፈው የመርከብ ምልክት አጭርና ግልጽ ነው፤ ዝርዝሩ በኢንቮይሱ ይገኛል። ቀኑም ዓመቱን አስቀድሞ «2017-03-12» ተብሎ ቢጻፍ ቅጂዎቹ በየተራቸው ይሰለፋሉ።

ይህን ደንብ ማውጣት ለኮምፒዩተር ባለሙያው ብቻ የሚተው አይደለም። መዝገቡ ሲጠፋ ዱቤው የሚቀርበት፥ በግብር መሥሪያ ቤትም የሚጠየቀው ባለቤቱ ነውና። ስለዚህ የድርጅቱ ባለቤት ደንቡን በአንድ ገጽ ጽፎ ለሠራተኞቹ ይስጥ። በሳምንት አንድ ቀንም ቅጂው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ የመጨረሻው ደረሰኝ መኖሩ በዓይን ይታይ። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንዳለ ሊቈጠር አይገባም።