በባትሪ የሚሠሩ ርካሽ የሥራ መሣሪያዎች ዋጋቸውን ያወጣሉን?

ባሕር ዳር፦ አዝመራው ተሰብስቦ እህሉ ጎተራ ሲገባ የገጠሩም የከተማውም ሰው ፊቱን ወደ ግንባታ ያዞራል። የሣር ጎጆው በቆርቆሮ ይለወጣል፤ በረቱ ይታጠራል፤ የአጣና ገበያው ይደራል። በዚሁ ወቅት በከተሞቻችን የሕንጻ መሣሪያ መሸጫዎች ደጃፍ አንድ ዕቃ ጎልቶ ይታያል። በፕላስቲክ ሻንጣ የተደረደረ፣ በባትሪ የሚሠራ ትራፓኖ፣ ግራይንደር፣ ትንሽ የሰንሰለት መጋዝና ብዛት ያለው ፑንታ በአንድነት “ሙሉ ስብስብ” ተብሎ ይሸጣል። አንዳንዱ ደግሞ በአንድ ሞተር ላይ ጭንቅላቱ እየተቀያየረ ሁሉንም ሥራ ይሠራል የሚባል ነው።

ለአንድ ቤተሰብ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ለዘር ወይም ለልጆች ትምህርት የታሰበ ገንዘብ፣ አልያም የአንድ በግ ዋጋ ሊሆን ይችላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። መሣሪያውም ባትሪውም ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው የተሳሳተ ግዥ የሚያስከትለው ኪሳራ ከቀድሞው ከብዷል። ስለዚህ “ርካሽ ነውን?” ከማለት በፊት “የሚሠራው ምን ያህል ነው?” ብሎ መጠየቅ ይገባል።

መልሱ ያለው በባትሪው ውስጥ ነው። የእነዚህ መሣሪያዎች ባትሪ የሚሠራው የአውራ ጣት ያህል ውፍረት ካላቸው የሊቲየም ሴሎች ነው። አንዱ ሴል በአማካይ 3.6 ቮልት ይሰጣል፤ ሙሉ በሙሉ ሲሞላም 4.2 ቮልት ይደርሳል። አምስት ሴሎች ሲቀጣጠሉ 18 ቮልት፣ በሞሉበት ቅጽበት ደግሞ 21 ቮልት ይሆናሉ። በአንዱ ላይ “18”፣ በሌላው ላይ “20” ወይም “21” ተብሎ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ባትሪ ነው።

ከዚህ ያለፈው ጽሑፍ ጥንቃቄን ይጠይቃል። በርካሽ ባትሪዎች ላይ “48”፣ “98”፣ አልፎ ተርፎም “128 ቮልት” የሚል ተለጥፎ ይገኛል። አንድ ባትሪ በእርግጥ 98 ቮልት እንዲሰጥ ቢያንስ 24 ሴሎች በተከታታይ መያያዝ አለባቸው። የተለመደው ሴል አንዱ 45 ግራም ያህል ስለሚመዝን 24ቱ ብቻ ከ1 ኪሎ በላይ ይሆናሉ። በእጅ ሲያዝ ቀለል የሚለው፣ በአምስት ሴሎች የተሠራ ባትሪ በምንም መንገድ 98 ቮልት ሊሆን አይችልም። ገዥው ባለሙያ መሆን አያስፈልገውም፤ ባትሪውን ነቅሎ በሱቁ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ይበቃዋል። ከባዱ ባትሪ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት ባይቻልም፣ ቀላሉ ግን ትልቅ ጉልበት የለውም።

ሁለተኛው ነጥብ የጉልበቱ ዕድሜ ነው። ባለ 18 ቮልትና ባለ 2 አምፒር ሰዓት ባትሪ የሚይዘው ኃይል 36 ዋት ሰዓት ነው። 720 ዋት የሚፈልግ ግራይንደር በሙሉ ጉልበቱ ቢሠራ ይህን ኃይል በ3 ደቂቃ ይጨርሰዋል። በባትሪ የሚሠራው ግራይንደር ከዚያ ያነሰ ኃይል ስለሚወስድ ጥቂት ደቂቃ ይጨምራል፤ ነገር ግን በዚያው ልክ ጉልበቱ ያንሳል። ሰንሰለት መጋዙም እንዲሁ ነው። ትራፓኖ ግን ብሎን አስሮ ያርፋል፤ ቀዳዳ በስቶ ይቆማል። በመሆኑም በአንድ ባትሪ ብዙ ሥራ ይሠራል። በአንድ ሻንጣ ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች እኩል ጥቅም የማይሰጡት በዚህ ምክንያት ነው። ባትሪው ለትራፓኖው ይበቃል፤ ለግራይንደሩ አይበቃም።

በጎ ጎኑንም መካድ አይገባም። መብራት በሌለበት የጣሪያ ቆርቆሮ ለሚመታ፣ በር ለሚያቆም ወይም የበረት አጣና ለሚያያይዝ ሰው በባትሪ የሚሠራ ትራፓኖ ድካምን ይቀንሳል። የኃይል ወጪውም ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ አንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት እንዲህ ያለውን ባትሪ ከ20 ጊዜ በላይ ይሞላል። ችግሩ የመሙያው ስፍራ ነው። ቻርጀሩ 220 ቮልት ይፈልጋል፤ በየቤቱ ለመብራት የተተከለው ትንሽ ሶላር ግን ይህን አይሰጥም። ባትሪ ለማስሞላት ከተማ ድረስ የሚሄድ አርሶ አደር የመንገዱን ጊዜ ከዋጋው ጋር ሊደምረው ይገባል።

በጓሮ ሥራም ልዩነት አለ። በቆጋ መስኖ አካባቢ አቮካዶ ለሚያለማ፣ ወይም በሜጫና በአካባቢው ባሕር ዛፍ ለሚተክል ሰው ትንሿ ሰንሰለት መጋዝ የክንድ ውፍረት ያለውን ቅርንጫፍ ለመግረዝ ትጠቅማለች። ጥርት ያለ ቁርጥ ቁስሉ ቶሎ እንዲድን ያደርጋል፤ የተቦጨቀ ልጥ ግን ለበሽታ በር ይከፍታል። ሰንሰለቱ ከደነዘ መጋዟ ልጡን መቦጨቅ ትጀምራለች፤ ሰንሰለቱን የሚስል ሰውና መለዋወጫ በአቅራቢያ ከሌለ በደንብ የተሳለ የእጅ መጋዝ ይሻላል። ባሕር ዛፍ ቆርጦ ለአጣና የሚሸጥ ደግሞ ጉቶው እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ስለሚፈልግ፣ ግንዱን በዚህች መጋዝ አልጥልም ብሎ ከወዲሁ ቢወስን ይበጀዋል።

ሦስተኛው ነጥብ ክረምቱ ነው። የሊቲየም ባትሪ ባዶውን ለወራት ከቆየ ይበላሻል። በእኛ ዘንድ ግንባታ የሚሠራው በበጋ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም መሣሪያው ጥግ ይይዛል። በግንቦት የመጨረሻውን ብሎን አስሮ ባዶውን የተቀመጠ ባትሪ በጥቅምት ሲነሳ አልሞላም ቢል የሚያስገርም አይሆንም። ግማሽ ያህል ሞልቶ፣ ከመሣሪያው ነቅሎ፣ ከእሳትና ከፀሐይ ርቆ በደረቅ ስፍራ ማስቀመጥና በየወሩ ማየት ዕድሜውን ያረዝማል። ሌሊት ሰው ተኝቶ፣ በጭድ ወይም በፍራሽ ላይ ባትሪ መሙላት ግን ከመሣሪያው አልፎ ቤትን ያቃጥላል።

እንግዲህ ስሌቱን እንመልከት። ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ የተወሰደ ነው። አንድ ስብስብ 9 ሺህ ብር ቢገዛ፣ በዓመት 10 ቀን ቢሠራና ባትሪው ሁለት ዓመት ቢያገለግል፣ የአንዱ ቀን ዋጋ 450 ብር ነው። ይህን በአካባቢው አናጺ መሣሪያውን ይዞ ለሚመጣበት ቀን ከሚጠይቀው ጭማሪ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። በዓመት ለሁለት ቀን ብቻ የሚፈለግ ከሆነ ዋጋው በቀን 2 ሺህ 250 ብር ይደርሳል። ለዚህ ብሎ መበደር “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” እንዲሉ ነው።

በሌላ በኩል ዕድር ድንኳኑንና ብረት ድስቱን በጋራ ይዞ ለዘመናት ኖሯል። አሥር ጎረቤቶች አንድ ጥሩ ትራፓኖና ሁለት ባትሪ በጋራ ቢገዙ፣ አንድ ኃላፊ ተመድቦ ባትሪውን ቢጠብቅና ያበላሸ የሚተካበት ደንብ ቢኖር፣ በዓመት አሥር ቀን የሚሠራው መሣሪያ መቶ ቀን ይሠራል። መሣሪያውም ሥራ ሳይፈታ በባትሪው ዕድሜ ውስጥ ዋጋውን ይመልሳል።

ተደራጅተው በእንጨትና በብረት ሥራ ለሚተዳደሩ ወጣቶች ምክሩ ይለያል። ለእነርሱ የሥራ መቆም የገቢ መቆም ነው። ከአምስት መሣሪያ ስብስብ ይልቅ ባትሪው፣ ቻርጀሩና መለዋወጫው በከተማቸው ለብቻው የሚገኝ አንድ ጠንካራ ትራፓኖ ይሻላቸዋል። መብራት ባለበት ወርክሾፕ ደግሞ ግራይንደሩ በገመድ የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ ካርቦኑ ሲያልቅ በቀላሉ ይቀየራል፤ የሚሞት ባትሪም የለውም።

የገዥ መብትም ሊዘነጋ አይገባም። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ዕቃው ጉድለት ካለበትም በተገዛ በ15 ቀናት ውስጥ አሳውቆ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። በየሱቁ “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” ተብሎ መለጠፉ የተለመደ ነው፤ ይሁንና ደረሰኝ የያዘ ገዥ የሚያነሳው የሕግ ጥያቄ አለው። ስለዚህ ለመጪው በጋ ተብሎ በክረምት መግዛት አይመከርም። ሥራው በደረሰበት ሳምንት ገዝቶ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባትሪውን ደጋግሞ ሞልቶና ጨርሶ መሞከር ያስፈልጋል።

ሸክሙ በገዥው ላይ ብቻ መጣል የለበትም። በአምስት ሴል ባትሪ ላይ “98 ቮልት” ተብሎ መጻፉን በቮልት መለኪያ ለማረጋገጥ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች መለኪያውም መምህሩም አላቸው፤ የንግድ ጽሕፈት ቤቶች የቁጥጥር ኃላፊነት አለባቸው። ሁለቱ ተቀናጅተው ከገበያው ናሙና እየወሰዱ ውጤቱን ለሕዝብ ቢያሳውቁ የሐሰት ጽሑፍ የተለጠፈበት ዕቃ ከመደርደሪያ ይወርዳል።

እስከዚያው ድረስ ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚያዋጣው ሙሉው ሻንጣ ሳይሆን ከውስጡ የሚሠራው አንዱ መሣሪያ ነው። መግዛት የግድ ከሆነ ትራፓኖውን ከሁለት ባትሪ ጋር ለይቶ መጠየቅ፣ ባትሪውን መመዘን፣ ብቻውን የት እንደሚሸጥ ማረጋገጥና ደረሰኝ መቀበል ይገባል። ሻጩ ባትሪውን ለብቻው እንደማይሸጥና ሌላም ቦታ እንደማይገኝ ከተናገረ፣ ገዥው የመሣሪያውን ዕድሜ ከወዲሁ አውቆታል ማለት ነው።