ዘሩን ተቀብለናል፤ ውኃውስ?

ሰኔ ሲገባ ጎንደር ላይ ዘር አዳይ አይጠፋም። የጎመን፣ የቆስጣ፣ የካሮት ዘር በትንንሽ እሽግ ይመጣል። ስብሰባ ይጠራል፣ “አንድም ጓሮ ጦሙን እንዳያድር” ይባላል፣ ፎቶ ይነሣል። በ2015 ዓ.ም. “የሌማት ትሩፋት” ከታወጀ ወዲህማ ነገሩ ብሷል። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ራሱ አጠጪ ስለሆነ ጓሮው ይለመልማል፤ ሪፖርቱም አብሮ ይለመልማል። ኧረ ለመሆኑ ሪፖርት ጸሐፊው የካቲት ላይ ተመልሶ የማይመጣው ለምንድን ነው?

የጓሮ አትክልት ጠላት አይደለሁም። ጠቤ ውኃ ሳይቆጥር ጎመን ከሚቆጥር ዘመቻ ጋር ነው።

እስቲ ከሰማይ እንጀምር። ጎንደር በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። በዝናቧ የምትታማው ለንደን 600 ገደማ ነው የምታገኘው። ልዩነቱ ለንደን ዓመቱን ሙሉ ሲያካፋባት ይኖራል፤ የእኛው ግን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ወርዶ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ እስከ ግንቦት ፀሐይና አቧራ ነው። ስለዚህ “አገሩ ደረቅ ነው” የሚሉን ግማሹን ብቻ ነው የነገሩን። ዝናቡማ ዘንቦ ነበር፤ በቆርቆሯችን ላይ ተንኳኩቶ፣ ደጃፋችንን አጥቦ፣ ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ ሄደ እንጂ።

ጎመን በብርቱ የሚፈለገው ደግሞ መቼ ነው? በሁዳዴ! ሃምሳ አምስቱ ቀን የሚውለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ መሬቱ በተሰነጠቀበት ወቅት ነው። ያን ጊዜ የጎንደር ሰው የፎገራን ሽንኩርት ደጅ ይጠናል። መንገድ ሲዘጋማ፣ እነዚህን ዓመታት እንዳየነው፣ ሽንኩርት ብርቅ ይሆናል። ጓሮ ሊደርስልን የሚገባው በዚህ ሰዓት ነበር፤ በዚህ ሰዓት ግን ጓሮው ራሱ ጦመኛ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ካሬ ሜትር መደብ በበጋ በቀን 5 ሊትር ገደማ ይጠጣል። አሥር ካሬ 50 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጄሪካን ተኩል በየቀኑ ይፈልጋል። የአንገረብ ማጠራቀሚያ ደለል ሲውጥ በኖረበት፣ የመገጭ ግድብ ሥራ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ በሆነበት፣ ቧንቧ በፈረቃ በሚጠበቅበት ከተማ ይሄን ከየት ያመጧል? ማንስ ይሸከመዋል? ስብሰባው ላይ “ቤተሰቡ ያጠጣል” ይባላል። ቤተሰብ ጄሪካን ሲሸከም አላየሁም፤ እናትና ሴት ልጅ ሲሸከሙ እንጂ። አንዲት የሰፈራችን እናት ባለሙያውን ወጣት “ልጄ፣ ጎመኑን ላጠጣ ወይስ ልጆቹን ልጠብ?” ቢሉት፣ “እማማ፣ እሱ በሂደት ይቀረፋል” ብሎ መዝገቡን ዘጋ።

የዕቃ እጣቢ ተጠቀሙ የሚለውን ምክር አውቃለሁ። የእህልና የአትክልት እጣቢ ጥሩ ነው፤ ኦሞ የበዛበት ግን ውሎ አድሮ አፈሩን ያበላሸዋል። ከፍ ያለ መደብ ሥሩ የሚለው ትምህርትም ለክረምት ነው፤ ዋልካ አፈር ውኃ ሲያቁር ሥሩ እንዳይበሰብስ። በበጋ ያው መደብ በአራቱም ጎኑ ይደርቃል። ያን ጊዜ መደቡን ዝቅ አድርጎ፣ የጤፍ ጭድ ጎዝጉዞ፣ ማታ ማታ ማጠጣት ነው የሚያዋጣው። ደባርቅ ደግሞ ሌላ አገር ነው፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ቲማቲሙን በአንድ ሌሊት ያነደዋል። አንድ ወረቀት አባዝቶ ለሁሉም ማደል ለአዳዩ ይቀለዋል እንጂ ለአትክልቱ አይጠቅመውም።

አሁን ወደ ቆርቆሮው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። አርባ ካሬ ጣሪያ ያለው ቤት በዓመት 40,000 ሊትር ይወርድበታል፤ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 32,000 ይተርፋል። ከዚህ 5,000ውን ብቻ በአሸንዳ አስገብቶ ሮቶ ውስጥ ያቆየ ሰው፣ አራት ካሬ መደብ ስምንት ወር ያጠጣል። ሃያ ገደማ እግር ጎመን ማለት ነው፤ ከሥር ከሥሩ እየቀነጠቡ ሁዳዴን የሚሻገሩበት። ሰፊ እርሻ አይደለም፤ ግን እውነተኛ ነው።

“ውኃ ማቆር ተሞክሮ ከሽፏል” የሚለኝ ይኖራል። የ1995 እና የ1996 ዓ.ም.ን ዘመቻ ማለቱ ነው። በአማራና በትግራይ የገበሬው ጓሮ በኮታ ተቆፈረ፤ ብዙው ጉድጓድ ውኃውን አሰረገ፣ ሲሚንቶው ተሰነጠቀ፣ የቀረው የትንኝ መራቢያ ሆነ። ልክ ነው። ግን ያን ጊዜ የከሸፈው ለወረዳ ሪፖርት ሲባል በጥድፊያ መቆፈሩ ነው። ውኃ ማስቀመጥማ ለዚች ከተማ እንግዳ አይደለም፤ በየዓመቱ ጥር ላይ፣ በበጋው እምብርት፣ የፋሲል መዋኛ ከቀሃ በተመራ ውኃ ሞልቶ እናየው የለም እንዴ?

የሮቶ ዋጋ የመንግሥት ሠራተኛን የወራት ደመወዝ ይበላል፤ እሱን አልክድም። ታዲያ ዘር ለማደል የሚወጣው አበልና ነዳጅ ለዚህ ቢሆንስ? አበዳሪዎቻችን ለዶሮ እርባታ ብድር ሲሰጡ አይተናል፤ ለአሸንዳና ለሮቶ ሲሏቸው ግን “በዝርዝራችን የለም” ይላሉ። ዶሮዋ እንኳ በፈንግል በአንድ ሳምንት ታልቃለች፤ ሮቶን ፈንግል ይዞት አያውቅም።