ኮምፒዩተሩ ተገዛ፤ መምህሩስ?

በአዲስ አበባ ዳጎስ ያለ ክፍያ የሚጠይቁ የግል ት/ቤቶች ኮዲንግና ሮቦቲክስን በማስታወቂያቸው ላይ ማስፈር ከጀመሩ ሰነባብተዋል። ልጁን ሊያስመዘግብ የሄደ ወላጅም የኮምፒዩተር ክፍሉን በመስኮት አየት አድርጎ ይከፍላል። በርግጥ የሚገዛው ግን ኮምፒዩተር አይደለም። ልጁ አንድን ችግር ከባለችግሩ ጠይቆ እንዲረዳ፣ መላ እንዲያስብ፣ በርካሽ ቁሳቁስ ሠርቶ እንዲሞክርና ካልሆነ አፍርሶ እንደገና እንዲሠራ ነው። ፈረንጆቹ ዲዛይን ቲንኪንግ ይሉታል።

ዘዴው ለአገሩ እንግዳ አይደለም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያለ ቀጥቃጭ ደንበኛው የሚፈልገውን ጠይቆ አሮጌ በርሜል ምድጃ ያደርጋል፤ ካልተስማማው መልሶ ይቀጠቅጠዋል። ተማሪም በዕረፍት ሰዓት ቧንቧው ዘንድ ያለውን ሰልፍ ቆጥሮ፣ የታናናሾቹን ቁመት ለክቶ፣ ከካርቶንና ከሃይላንድ ጠርሙስ የእጅ መታጠቢያ ሞዴል ቢሠራ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ነው። እዚያ ላይ ጥቅሙ አያጠያይቅም፤ የተሳሳተን ልክ በስክሪን ላይ ማረም ቆርቆሮ ከማበላሸት ይረክሳል።

ችግሩ ያለው ሒሳቡ ላይ ነው። በመንግሥት ት/ቤት መሣሪያ በካፒታል በጀት ወይም በለጋሽ ገንዘብ ይገዛል፤ ሪባን ይቆረጥለታል። የመምህሩ ሥልጠና፣ የባትሪው መለወጫ፣ የካርቶንና የማጣበቂያው ወጪ ግን በየዓመቱ የሚመላለስ ስለሆነ ከመደበኛው በጀት ይጠበቃል። ከዚያ ላይ ደመወዝ ሲነሳ የሚተርፈው ይታወቃል። የግል ት/ቤቱም ቢሆን ሌላ ስጋት አለበት፦ የሠለጠነ መምህር የተሻለ ከፋይ ሲያገኝ ጥሎት ይሄዳል፤ ኮምፒዩተሩ ግን የትም አይሄድም። ስለዚህ ለመሣሪያ ቸር፣ ለሥልጠና ቆጣቢ ይሆናል።

የዚህ ዓይነቱ ግዢ ውጤት ምን እንደሚመስል ፔሩ አሳይታለች። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ፕሮግራም እያንዳንዳቸው 200 ዶላር ገደማ የሚያወጡ ላፕቶፖችን በመቶ ሺዎች ገዝታ አደለች። 319 የገጠር ት/ቤቶችን የሸፈነውና በ2012 ይፋ የሆነው የኢንተር አሜሪካን የልማት ባንክ ጥናት እንዳመለከተው፣ ፕሮግራሙ በደረሰባቸው ት/ቤቶች ለአንድ ተማሪ 1.18 ኮምፒዩተር ሲደርስ ባልደረሰባቸው 0.12 ብቻ ነበር። በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ግን ልዩነት አልታየም። በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ መለኪያ መጠነኛ መሻሻል መገኘቱ አይካድም፤ ለዚያ ሁሉ ገንዘብ ግን ትንሽ ነው።

በአገራችንም በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ቅርብ ምሳሌ ነው። የክፍለ ጊዜውን ትልቅ ድርሻ ስክሪኑ ወሰደ፤ ለመምህሩ የመግቢያና የመዝጊያ ደቂቃዎች ተረፉት። ተማሪው «አልገባኝም» ቢል በሳተላይት የሚመጣው ትምህርት ቆሞ አይጠብቀውም። ሠርቶ አፍርሶ መማር እዚያ ቦታ አልነበረውም።

መምህር ባይኖርስ ምን ይጎድላል የሚሉ ወገኖች እ.ኤ.አ. በ2012 የተሰማውን የወንጪና የወለንጪቲን ታሪክ ያነሳሉ። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» ፊደል ላልቆጠሩ የገጠር ሕፃናት ያለ መምህር ታብሌት ሰጥቶ፣ ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ በወራት ውስጥ በራሳቸው ማስከፈታቸው ተነገረ። የሕፃናቱ ብልሃት በእርግጥ ያስደንቃል። ይሁንና ለታብሌቶቹ ቻርጅ የሚያደርግ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ቀርቦ ነበር፤ አዋቂዎቹም አጠቃቀሙን ተምረዋል። በየሳምንቱ ደግሞ የማስታወሻ ካርዶቹን እየሄደ የሚቀይር ሰው ነበር። የዚያ ሰው አበልና የመንገድ ወጪ በታብሌቱ ዋጋ ላይ አልተደመረም።